የአደራ ድመት በቆላ ሙቀት፦ የት ትቀመጥ? በምን ትቀዝቅዝ?

ፋሲካ ሲቃረብ ቤቴ በድመት ይሞላል። ሰዉ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ ድመቷን ይዞ መሄድ ግን አይመቸውም። «አምስት ቀን ብቻ ያዢልኝ፣ አደራ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ እሺ ብዬ ነበር። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰና ይኸው የታወቅኩ የድመት ባለአደራ ሆኛለሁ።

ችግሩ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ሰሜን ሸዋ ሲባል ሩቅ ያለ ሰው የሚታየው ጋቢ የደረበ፣ የገብስ ቆሎ የሚቆረጥም ደገኛ ነው። እውነት ነው፣ ደብረ ብርሃን እንደዚያ ነው። እኛ ግን ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ቆላ ገብተናል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ። 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ስታሰሉት ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይመጣል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሹራብ ለብሳ የተሳፈረች ሴት እዚህ ስትወርድ ሹራቧ ክንዷ ላይ ነው። ድመት ሹራቧን አታወልቅም።

ይህን የምጽፈው እንግዲህ ቆላ ላለ ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ይሁን አጣዬ፣ አልዩ አምባ ይሁን ጀማ ሸለቆ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የሰው ድመት ልትቀበሉ ነው? ወይስ የራሳችሁን ለሰው ልትሰጡ? የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል ከደረሰብኝ ተነስቼ ልንገራችሁ።

ሽሮ ያሳየችኝ ነገር

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ድመት መጣችልኝ። በመልኳ የተነሳ ሽሮ ይሏታል። የኋላ ክፍሌን አዘጋጀሁላት። ውሃ አስቀመጥኩ፣ ምግብ አስቀመጥኩ፣ ቬንትሌተር መሬት ላይ አድርጌ ከፈትኩ። ደህና አድርጌ ያሰናዳሁ መስሎኝ በሩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ የለችም። አልጋ ሥር አየሁ፣ የለችም። ከጆንያው ኋላ የለችም። በኋላ ቀና ስል ጅራቷን አየሁት። ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥታ ከአሮጌው ሻንጣ ጀርባ ተወሽቃለች። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም። ከጭንቅላቷ እስከ ቆርቆሮው ሁለት ክንድ አይሞላም። እጄን ስሰድ የቁም ሳጥኑ ጣውላ ራሱ ይፋጃል። ሽሮ አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አውጥታ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ውሃው አልተነካም። ቬንትሌተሩ ባዶ ወለል ሲያራግብ ውሏል።

አውርጄ እግሯንና ሆዷን በውሃ አራስኩላት። ማታ ላይ ተሻላት። እኔን ግን እስካሁን አልተሻለኝም። የዚያን ዕለት ባለቤቷ ደውለው «ሽሮዬ እንዴት ናት?» ሲሉኝ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድመት በገዛ ቤቷ ቀዝቃዛውን ቦታ ፈልጋ ታገኛለች። ሊሾው ላይ ትዘረጋለች፣ ገንዳው አጠገብ ትተኛለች። ማንም አይነግራትም። በሰው ቤት ስትሆን ግን ከሙቀቱ ይበልጥ የሚያስጨንቃት ፍርሃቱ ነው። መጀመሪያ መደበቂያ ትፈልጋለች፤ ከተቻለም ከፍ ያለ። ሞቃት አየር ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የፈራች ድመት በቀጥታ ወደ ክፍሉ ምድጃ ትወጣለች ማለት ነው። እዚያ ሆና ውሃ ቢጠማትም አትወርድም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አማራጭ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህቺ ድመት ብትደበቅ የምትደበቀው የት ነው? እዚያ ቦታ ስምንት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል?

በቤቷ ትቅር፣ እኔ ጋ ትምጣ ወይስ ደጋ ትውጣ?

ሦስቱም ይቻላል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ከሆነ ድምፄን የምሰጠው በቤቷ እንድትቀር ነው። ቦታውን ታውቀዋለች፣ ቀዝቃዛውን ጥግ ታውቀዋለች። ግን ጠዋትና ማታ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ቤቱ ቆርቆሮ ሆኖ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ይህ ምርጫ ከሁሉም የባሰ ይሆናል። ሌባ ፈርታችሁ መስኮት ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ድመቷ ምጣድ ውስጥ ትቀራለች። ወንፊት ሽቦ ያለው አንድ መስኮት እንኳን ካለ ጉዳዩ ይለወጣል።

ከሳምንት በላይ ከሆነ ሰው ያለበት ቤት ይሻላል። በቀን ሁለቴ ብቅ የሚል ሰው ድመቷ መብላት ማቆሟን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። አብሯት የሚውል ሰው ግን በዕለቱ ያያል።

«ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ልላካት?» የሚሉኝ አሉ። ወር ለሚሞላ ጉዞ፣ በተለይ ፀጉረ ረጅም ወይም ያረጀች ድመት ከሆነች፣ ይላኳት እላለሁ። ያ 10 ዲግሪ ቀላል ነገር አይደለም። ለአራት ቀን ብሎ ግን በቅርጫት ማንገላታት ትርፉ ድካም ነው። አዲሱን ቤት ሳትለምደው ትመለሳለች። በኅዳርና በታኅሣሥማ ጭራሽ አይታሰብም። እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ እዚህ ደግሞ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይቻላል።

ከላካችኋትም በሌሊት ተነሱ። አደጋው ያለው መንገዱ ላይ ሳይሆን መኪናው ሲቆም ነው። ደብረ ሲና ላይ ሁሉም ለቆሎ ይወርዳል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ማንም ስለ ድመቷ አያስብም። ውጭው 24 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34 ዲግሪ ይደርሳል። በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል። ቆሎ ገዝቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ምን አላት? ቅርጫቷን ይዛችሁ ውረዱ። ካርቶን ደግሞ ብትተዉት ይሻላል። ቀዳዳ ብታበዙለትም አየር እንደ ልብ አያስገባም፣ ከሸናችበትም ይቀደዳል። እዚሁ ገበያ የሚሸጠው የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ ቅርጫት በአራቱም በኩል ይተነፍሳል። ላዩን በነጠላ አስሩት።

ክፍሉ ራሱ

ከማቀዝቀዣው በፊት ክፍሉን ምረጡ። ምርጫ ካላችሁ የጭቃው ቤት ከብሎኬቱ ይሻላል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀት ቶሎ አያስገባም። የብሎኬቱ ቤት ያምራል፣ ለእንግዳ ያኮራል፤ ለድመት ግን የአያቴ ጭቃ ቤት ይበልጥ ነበር። ሳር ክዳን ካገኛችሁማ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ ያለው ክፍል ይሁን። ኮርኒስ ከሌለው ቁም ሳጥኑን አውጡ፤ ካልሆነም ላዩ ላይ ካርቶን ደርድሩና መውጫ አሳጧት። ቆጥ ካለ መሰላሉን አንሱ።

ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ጥሩ። ብዙ ሰው ግን ሊሾው ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎበታል። አንድ ጥግ ላይ ግለጡት። ድመቷ ሆዷን የምታሳርፍበት ባዶ ሊሾ ከምንም ዓይነት ፍራሽ ይበልጥባታል። አፈር ወለልም ይቀዘቅዛል፣ ግን ቁንጫው አያድርስ። ለቁንጫ ደግሞ የውሻ መድኃኒት እንዳትቀቡ። ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ የሚሆን መድኃኒት ድመትን ይመርዛል።

ቀጥሎ መደበቂያውን ራሳችሁ ስጧት፣ ዝቅ ባለ ቦታ። እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። የአልጋውን ጨርቅ እስከ መሬት አወርደዋለሁ። ከሥሩ ወለሉን ባዶ አደርጋለሁ። ጨርቁ ሥር በጎኑ የተኛ ቅርጫት አስገባለሁ፤ ውስጡ ከቤቷ የመጣ ያልታጠበ ጨርቅ አለ። የራሷ ሽታ ስላለበት ትገባለች። የውሃ ጣባውን መውጣት ሳያስፈልጋት እንድትጠጣ እዚያው አጠገብ አደርገዋለሁ። ይህን ካደረግኩ ወዲህ ቁም ሳጥን ላይ የወጣችብኝ አንዲት ብቻ ናት። እሷም እብድ ነበረች።

የሽቦ ጎጆ ሠርተው ማንጎ ዛፍ ሥር የሚያስቀምጡ አሉ። የማንጎ ጥላ ከክፍል ይቀዘቅዛል፣ አልክድም። ግን ጥላ ይሄዳል። አራት ሰዓት ላይ ጥላ የነበረው ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ነው። የተፈታች ድመት ጥላውን ተከትላ ትሄዳለች፤ ጎጆ ውስጥ ያለችው ተቀምጣ ትጠበሳለች። ቀኑን ሙሉ ዛፉ አጠገብ የማትውሉ ከሆነ ይቅርባችሁ። ውሻውም፣ ጅቡም፣ የሰፈር ልጅም አለ።

አንድ ሌላ ነገር። መስኮት የሚከፈተው ማታ ነው። ቀን መክፈት አየር ያስገባል ይመስለናል፤ የሚገባው ግን የመንገዱ ሙቀት ነው። ሌሊት በወንፊቱ በኩል ክፍሉን አቀዝቅዙት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ዝጉና መጋረጃ ጣሉ። ነጣ ያለ መጋረጃ ከጥቁሩ ይሻላል። ወንፊት ከሌለው መስኮት ግን ማታም አትክፈቱ። የአደራ ድመት አንዴ ከወጣች የምትሄደው ወደ ድሮ ቤቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ስንት ሰፈር አልፎ ነው።

ቬንትሌተር፣ እርጥብ ጨርቅ ወይስ በረዶ?

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። እኔ ግን መጨረሻ አካባቢ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው።

ቬንትሌተር ሰውን የሚያቀዝቅዘው ላብ ስላለን ነው። ነፋሱ ላባችንን ያደርቃል፣ ያኔ ይቀዘቅዘናል። ድመት የምታልበው በመዳፏ ብቻ ነው። ራሷን የምታቀዝቅዘው ፀጉሯን እየላሰች በምራቋ ነው። ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር ለእኛ የሚሰጠውን ያህል ለሷ አይሰጥም። ድምፁም የፈራችዋን ይብስ ያስፈራታል። መብራት ሲሄድ ደግሞ እሱም ይሄዳል፤ የሚሄደውም አመል ሆኖበት በቀትር ነው። ከተጠቀማችሁ ፊቷ ላይ አታዙሩት። ወደ ግድግዳ አዙሩትና አየሩን ብቻ ያንቀሳቅስ።

እርጥብ ጨርቅ የኔ ምርጫ ነው። አሮጌ አንሶላ አርሳችሁ መስኮቱ ላይ ወይም በሩ ላይ ስቀሉት። ማሰሮ ውሃን የሚያቀዝቅዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አየሩ ደረቅ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲበዛ ግን ክፍሉን ከማወበቅ በቀር ጥቅም የለውም። መብራት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም። በየሁለት ሰዓቱ ማራስ ግን አለባችሁ። እንደኔ ሥራ ያለው ሰው ልጆች ይላክበታል።

ሦስተኛው የበረደ ሃይላንድ ነው። ባለ ሁለት ሊትሩን ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ጫፍ ድረስ አትሙሉት፣ ሲበርድ ያብጣል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከመደበቂያዋ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ውስጥ አታስገቡባት። ከፈለገች ትጠጋለች፣ ካልፈለገች ትርቃለች። ሙቀቱ በሚበረታበት ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይይዝላችኋል። ለአንዲት ድመት ከሦስቱ ይህ ይበልጣል። አራት አምስት ድመት ለያዘ ክፍል ግን ፍሪዘር አይበቃም፣ እርጥብ አንሶላው ያሸንፋል።

ኤሲ ያለው ሰው ካለ ምን ልመክረው እችላለሁ? እኔም ድመት ሆኜ ልምጣ?

እርጥብ ፎጣ ድመቷ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ስህተት ነው። ትንሽ ቆይቶ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቷን ያፍነዋል። እጃችሁን አርሳችሁ ጭንቅላቷን፣ ጆሮዋንና መዳፏን ዳበስ ዳበስ ማድረግ ይበቃል። ፀጉሯንም አትላጩ። በማበጠሪያ የሞተውን ፀጉር አውጡላት እንጂ ፀጉሩ ከፀሐይም ይከልላታል። ጆሮዋ ነጭ የሆነች ድመት በተለይ ፀሐይ ላይ አትዋል። ጆሮዋ ይቃጠላል፣ ሲደጋገም ካንሰር ያመጣል።

ጣባ፣ ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

ጣባ። ሸክላው ውሃውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆየዋል፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ ጢሟን አይነካባትም፣ ከባድ ስለሆነ አይገለበጥም። ጉዳቱ ውስጡ ቶሎ ይሟልጫል። በየቀኑ በአመድ ወይም በጨው ፈትጋችሁ እጠቡት። የማይዝግ ብረት ለማጠብ ይቀላል፣ ግን ጥላ ሥር ካልሆነ ውሃው ይሞቃል። ፕላስቲክ ይጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል፣ ይሸታል። እኔ ትቼዋለሁ።

አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግቧም ከውሃውም በቀን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል። አንድ የውሃ ብርጭቆ በሉት። ደረቅ ምግብ የምትበላዋ ይህን ሁሉ ከጣባው ነው የምታገኘው። እንግዳ ድመት መጀመሪያ ቀን ካልጠጣች ሥጋ የተቀቀለበትን ውሃ፣ ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበትን፣ አቀዝቅዤ እሰጣታለሁ። አብዛኞቹ እምቢ አይሉም። ወተት አትስጡ። ያደገች ድመት ብዙ ጊዜ ወተት ያስቀምጣታል፤ በሙቀት ላይ ተቅማጥ ተጨምሮበት ውሃዋ ያልቃል።

ምግብ ማለዳና ማታ ይሁን። ቀትር ላይ ባትበላ አትጨነቁ። ሥጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ አይቆይ፣ ዝንቡም ይወርሰዋል። የተረፈ ወጥ ደግሞ ለድመት አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ፤ «ትቅመስ እንጂ፣ በዓል ነው» እያላችሁ እንዳታጎርሷት።

መጸዳጃዋ ላይ ብዙ አላወራም። አሸዋ ከሳጋቱራ ይቀዘቅዛል፣ ሳጋቱራ ከአሸዋ ይቀላል። የቱንም ብትመርጡ በሙቀት ጊዜ በቀን ሁለቴ ይጸዳ፤ ከውሃዋም ይራቅ።

ሲብስ

የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ከ40 ካለፈ አደጋ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም ታውቁታላችሁ። ውሻ ቢያለከልክ ልማዱ ነው፤ ድመት አፏን ከፍታ ስታለከልክ ግን ቆማችሁ አትዩ። ለሃጭ ማዝረክረክ፣ ድዷ መቅላት፣ መንገዳገድ፣ ማስታወክ ከታከለበት ጊዜ የላችሁም። ወደ ጥላ አምጡ። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ እግሯን፣ ሆዷንና ብብቷን አርሱ። ቬንትሌተሩ አሁን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ፀጉሯ እርጥብ ነው። በረዶ ውሃ ውስጥ አትንከሯት፤ ቆዳ ላይ ያለው የደም ሥር ይኮማተርና ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። በግድ ውሃ አታጠጧት። ከዚያ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም፤ ቢሻላትም እንኳን። ትኩሳት ነው ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ፤ ግማሽ ክኒን ድመት ይገድላል።

ጨቅላዋ፣ ያረጀችው፣ የወፈረችው፣ ያረገዘችው፣ አፍንጫዋ የተደፈጠጠው ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። እነዚህን በሙቀት ሰሞን ለመቀበል እኔ አሁን ሁለቴ አስባለሁ። አንዷን መልሻለሁ፤ ባለቤቷም ተቀየሙኝ።

ስትረካከቡ

አደራ ጥብቅ ነው፣ ስለዚህ ከማፈር መጠየቅ ይሻላል። ልትሰጡ ከሆነ ክፍሉን ስምንት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት እንጂ ጠዋት አትሂዱ። ጠዋት ሁሉም ክፍል ቀዝቃዛ ነው። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ስንት ድመት እንዳለም ጠይቁ፤ የማይተዋወቁ ድመቶች አንድ ክፍል ሲታጎሩ ደካማዋ ቀዝቃዛውን ቦታ ለጉልበተኛዋ ትለቃለች።

ልትቀበሉ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዷን፣ ምን እንደምትበላና ቤቷ ውስጥ ቀትር ላይ የት እንደምትተኛ ጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ይነግራችኋል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «ልጄ፣ የእኔዋማ እንስራው ሥር ነው የምትተኛው» አሉኝ። ለካ እንስራው የሚያንጠባጥበው ውሃ ወለሉን ያረጥበዋል። ጎረቤት ሄጄ አሮጌ እንስራ ተዋስኩ። ውሃ ሞልቼ አልጋው አጠገብ አቆምኩት። ከሰዓት ገብቼ ባይ እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለእንስራው ሰጥታ ተኝታለች።